የሳብዉፈር ማጉያ አመራረጥ፤ በልማድ የሚሰጡ ምክሮች ሲመረመሩ

ለቤቱ ሳብዉፈር የሚገዛ ሰው፣ ማለትም የሙዚቃውን ዝቅተኛ ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚያሰማውን ትልቅ ስፒከር የሚገዛ ሰው፣ ዕቃውን ከመደብር ሳያወጣ ሁለተኛ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይኸውም ይህን ስፒከር የሚነዳው ምን ዐይነት አምፕሊፋየር ይሁን የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በመደብርም፣ በወዳጅም፣ በመጽሔትም የሚሰጡት መልሶች ጥቂቶች ናቸው። አንዱ «ክላስ ዲ ይሁን፤ እሱ ለቤዝ የተፈጠረ ነው» ይላል። ሌላው «ክላስ ኤቢ ካልሆነ ድምፁ ሥጋ የለውም» ብሎ ይከራከራል። ትንሽ ያነበበው ደግሞ «ዳምፒንግ ፋክተሩ ከፍ ያለውን ምረጥ» ሲል፣ ምንም ያላነበበው «ዋቱ የበዛውን ውሰድ» ይላል። በዚህ ጽሑፍ ያሰብሁት ምክሮቹ በተራ የፊዚክስ ሒሳብ ሲፈተኑ የሚቆሙ መሆናቸውንና አለመሆናቸውን ለማየት ነው።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ነው ተብሎ እንዳይናቅ እፈልጋለሁ። የብዙ ወር ቁጠባውን አውጥቶ የገዛው ማጉያ በሦስተኛው ወር ሲቃጠልበት፣ ወይም የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ሲነድበት፣ ገንዘቡን የሚመልስለት የለም። ከዚህም በላይ ምክሮቹ በአብዛኛው የተጻፉት በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖርና የመብራቱ ቮልት ለማይዋዥቅ ሰው ነው። እኛ ግን የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ይህ ከፍታ በሳብዉፈር ሥራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አለመሆኑን ወደ ኋላ አሳያለሁ። በጽሑፉ ውስጥ «ማጉያ» ስል አምፕሊፋየሩን ብቻ ማለቴ ነው፤ ድምፁን የሚያወጣውን ዕቃ ስፒከር እለዋለሁ። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የዋቱን ነገር እንመልከት፤ ከሁሉ የባሰ ማታለያ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ የገዛውን ማጉያ ከፍተን አየነው። ከፊቱ በትልልቅ ፊደል 1,000 ዋት የሚል ተጽፎበታል። ውስጡ ያሉት የኀይል ማጠራቀሚያ ካፓሲተሮች ግን እያንዳንዳቸው 4,700 ማይክሮፋራድ የሆኑ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም በፕላስ 35 እና በማይነስ 35 ቮልት ነው። እንግዲህ እናስላ። በ35 ቮልት የሚሠራ ማጉያ ምንም ነገር ሳይባክን ለ8 ኦም ስፒከር ሊሰጥ የሚችለው ያልተዛባ የሳይን ሞገድ ኀይል 35 በ35 ተባዝቶ ለ16 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ እሱም 77 ዋት ያህል ነው። ለ4 ኦም ስፒከር ቢሆን 153 ዋት ይሆናል። ከዚህ በላይ የሆነው ሁሉ ቀለም ነው።

ሻጩ «ለቅጽበት ያህል 1,000 ዋት ይሰጣል» ብሎ ይከላከል ይሆናል። ይህም አይሆንም። ሁለቱ ካፓሲተሮች በአንድነት ያጠራቀሙት ኀይል 6 ጁል እንኳ አይሞላም። በ1,000 ዋት ቢፈስስ ከ6 ሚሊሴኮንድ በፊት ተሟጦ ያልቃል። የ40 ሄርዝ ድምፅ አንድ ዙር ብቻ ለመፈጸም ግን 25 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። ስለዚህ የተባለው ኀይል የአንድ ከበሮ ምት ሩቡን እንኳ አያደርስም። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ1974 ባወጣው ደንብ ማጉያ ሠሪዎች የማያቋርጥ ኀይልን፣ ከስንት ኦም ጋር፣ በየትኛው ድግግሞሽ፣ በምን ያህል መዛባት እንደ ለኩ እንዲገልጹ ያስገደደው እንዲህ ያለው ውድድር ስለ በዛ ነው። እንደዚህ ያለ መግለጫ የሌለበት የዋት ቁጥር ለምርጫ መነሻ ሊሆን አይችልም።

እውነተኛ ዋት ቢሆንስ? ጆሯችን ኀይልን የሚመዝነው በእጥፍና በግማሽ እንጂ በመደመር አይደለም። ኀይል እጥፍ ሲሆን የድምፁ መጠን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ባለ 250 ዋቱን ትቶ ባለ 300 ዋቱን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ የጨመረ ሰው ያተረፈው 0.8 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት በሙዚቃ መካከል ለይቶ የሚሰማ ሰው እምብዛም አይገኝም።

አሁን ወደ ክላሱ ክርክር ልለፍ። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ዲ የሚባሉት ፊደሎች የማዕረግ ደረጃ አይደሉም። እኛ ተማሪዎች «ዲ» የምትባለውን ፊደል የምናውቃት በፈተና ወረቀት ላይ ስለ ሆነ በክፉ ዐይን ብናያት አይፈረድብንም፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ከሲ ቀጥላ የመጣች ፊደል ከመሆኗ በቀር ሌላ ትርጉም የላትም። «ዲጂታል» ማለት ነው የሚሉም ተሳስተዋል። ፊደሎቹ የሚለዩት የመጨረሻዎቹ ትራንዚስተሮች ኀይል የሚያስተላልፉበትን መንገድ ነው። በክላስ ኤ ትራንዚስተሩ ሙዚቃ ቢኖርም ባይኖርም ዘወትር ከረንት ያሳልፋል። በክላስ ቢ ሁለት ትራንዚስተሮች የሞገዱን የላይና የታች ግማሽ ተካፍለው ይሠራሉ፤ ኤቢ በሁለቱ መካከል ነው። በክላስ ዲ ግን ትራንዚስተሩ እንደ መብራት ማብሪያ ሙሉ በሙሉ ይበራል ወይም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ይህንንም በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ያደርጋል። የሙዚቃው ሞገድ የሚቀረጸው በመብራቱና በመጥፋቱ የጊዜ ርዝመት ሲሆን፣ በመውጫው ላይ ያለው ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ፈጣኑን መቈራረጥ አጣርተው ሙዚቃውን ያስቀራሉ።

ከዚህ የሚመጣው ልዩነት በዋነኛነት የሙቀት ልዩነት ነው። ክላስ ኤ ከሚወስደው ኀይል ቢበዛ ግማሹን፣ ክላስ ቢ ቢበዛ 78.5 በመቶውን ወደ ስፒከሩ ሊያደርስ ይችላል፤ እነዚህ የሒሳብ ጣሪያዎች ናቸው። በሚገባ የተሠራ ክላስ ዲ በሥራ ላይ 90 በመቶ ያህል ይደርሳል። 200 ዋት የሚሰጥ ክላስ ቢ ማጉያ በከፋው ሁኔታ 80 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ የሚገርመውም ይህ የሚሆነው በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ሳይሆን በ40 በመቶው ገደማ ሲሠራ ነው። ኤቢ ከዚህ ጥቂት ይብሳል እንጂ አያንስም። ክላስ ዲው 200 ዋቱን በሙሉ እየሰጠ እንኳ 22 ዋት ገደማ ብቻ ያባክናል። ክላስ ኤ በዚህ ኀይል ቢሠራ ያለ ሙዚቃም ከ400 ዋት በላይ የሚበላ ምድጃ ስለሚሆን፣ ለሳብዉፈር የሚመክረው ሰው መቀለዱ ነው።

«ኤቢ ሥጋ አለው» የሚለውን አባባል ግን ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም። የጥንቶቹ ክላስ ዲ ማጉያዎች በእርግጥ ድክመት ነበረባቸው። በ1964 እንግሊዝ አገር ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ ኤክስ 10 የሚል ስም ሰጥቶ የሸጠው ማጉያ በጊዜው የነበሩት ትራንዚስተሮች ለዚህ ሥራ ቀርፋፋ ስለ ነበሩ አልተሳካለትም። ከዚያም በኋላ ቢሆን የመውጫው ማጣሪያ ከስፒከሩ ኢምፒዳንስ ጋር እየተጋጨ ከፍተኛውን ድምፅ ያዛባ ነበር። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ ወቀሳ የሚመለከተው የ10,000 እና የ20,000 ሄርዝ አካባቢ ነው። ሳብዉፈር የሚሠራው ከ20 እስከ 80፣ ቢበዛ እስከ 120 ሄርዝ ነው። ስለ ጽናጽል ድምፅ የተነገረውን ወቀሳ ወስዶ በከበሮ ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው። ስፒከሩ ራሱ ኮኑ ብዙ ሲራመድ ብዙ በመቶ የሚደርስ መዛባት ስለሚያመጣ፣ በሁለት ማጉያዎች መካከል ያለ የ0.05 በመቶ ልዩነት እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

እንዲያውም ተቃራኒው ምክር፣ ማለትም «ዲ ለቤዝ የተፈጠረ ነው» የሚለው፣ ከዚህ የበለጠ መመርመር የሚገባው ሆኖ አገኘሁት። በመጀመሪያ ደረጃ ታሪኩ አይደግፈውም፤ ከሲንክሌር ጀምሮ በ1999 እስከ ተቋቋመው የዴንማርኩ አይስፓወር ድረስ ፈልሳፊዎቹ የተመኙት ሙሉውን ሙዚቃ ማጉላት ነበር። ሁለተኛው ግን ከታሪክ ይልቅ ለገዢው የሚጠቅም ነው። አንድ የክላስ ዲ ጉድለት አለ፤ እሱም የሚብሰው በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። ርካሽ የሆነው የክላስ ዲ አሠራር በአንድ ጥንድ ማብሪያ፣ በፕላስና በማይነስ ቮልት መካከል የሚሠራው ግማሽ ድልድይ የተባለው ነው። ማጉያው ከፕላሱ ወገን ከረንት ወደ ስፒከሩ ሲልክ፣ በመውጫው ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያለው ከረንት በእያንዳንዱ የመቈራረጥ ዙር በማይነሱ ወገን በኩል ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት፣ ኀይል ወደ ማይነሱ ካፓሲተር ተመልሶ ይከማቻል። የኀይል ምንጩ ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፉ የተመለሰው ኀይል መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ የዚያ ካፓሲተር ቮልት ያብጣል። በ1,000 ሄርዝ ሙዚቃ ወገኖቹ በፍጥነት ስለሚቀያየሩ እብጠቱ ቶሎ ይተነፍሳል። በ20 ሄርዝ ግን አንዱ ወገን 25 ሚሊሴኮንድ ሙሉ ሲገፋ ይቈያል፤ የስፒከሩ ኦምም ዝቅ ያለ ከሆነ ቮልቱ እስከ አደጋ ይወጣል። ወይ መከላከያው ማጉያውን ያጠፋዋል፣ ወይ ካፓሲተሩ ይፈነዳል። «ቤዙ ሲበዛ ድምፁ ይቋረጣል» እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች አንዳንዶቹ የሚያማርሩት ይህንኑ ሳያውቁት ነው ብዬ እገምታለሁ። መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ ሁለት ጥንድ ማብሪያ ያለው ሙሉ ድልድይ ከሆነ እብጠቱ አይኖርም። ካልሆነም ትልልቅ ካፓሲተሮች ያሉት መሆን አለበት። ማጉያው ባለ ሁለት ቻናል ከሆነ ደግሞ የአንዱን ቻናል ምልክት ገልብጦ፣ የዚያውኑ ስፒከር ሽቦ መልሶ መገልበጥ ይቻላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ቻናል የሚያከማቸውን ሌላው ይበላዋል። እንግዲህ ገዢው መጠየቅ ያለበት «ዲ ነውን?» ብሎ ሳይሆን «ግማሽ ድልድይ ነው ወይስ ሙሉ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችል ሻጭ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ ዳምፒንግ ፋክተር በአጭሩ ልናገር። ይህ ቁጥር የስፒከሩ ኦም ለማጉያው የውስጥ ሬዚስታንስ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ከፍ ካለ ማጉያው ኮኑን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቤዙም አይንቦጫረቅም ይባላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የፊዚክስ መምህራችን «ዙሩን በሙሉ ሳትደምሩ መልስ አትስጡ» ይሉን ነበር፤ እዚህም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ባለ 8 ኦም የተባለ ስፒከር የጥቅል ሽቦው ሬዚስታንስ ብቻውን 6 ኦም ያህል ነው። ማጉያው 100 ዳምፒንግ ፋክተር ካለው የራሱ 0.08 ኦም፣ 1,000 ካለው 0.008 ኦም ነው። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው የ1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ሲሄድና ሲመለስ 0.115 ኦም ይጨምራል። ሁሉም ሲደመር በአንደኛው 6.195፣ በሁለተኛው 6.123 ኦም ይሆናል። ልዩነቱ 1.2 በመቶ ነው! ለዚህ ሲባል እጥፍ ዋጋ ይከፈላል። ይህ ብቻ አይደለም፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ 0.39 በመቶ ያድጋል። ጥቅል ሽቦው በጨዋታ መካከል በ100 ዲግሪ ቢሞቅ 6 ኦም የነበረው ከ8 ኦም በላይ ይሆናል፤ ማጉያው ምንም ያህል ቢራቀቅ ይህን አይመልሰውም። ምክሩ እውነትነት የሚኖረው የውስጥ ሬዚስታንሳቸው 1 ኦም ያህል ለሚደርስ የቫልቭ ማጉያዎች ነው፤ እነሱን ደግሞ ለሳብዉፈር የሚገዛ ማን አለ?

እስካሁን ያልሁት በየትም አገር ያለ ተማሪ ሊለው የሚችለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኛ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በተመሳሳይ ሙቀት የአየሩ እፍጋትም በዚያው መጠን ያንሳል። ኮን የሚያወጣው የድምፅ ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ለንደን ላይ የተለካ ሳብዉፈር እዚህ መጥቶ ኮኑ በዚያው ርቀት ቢራመድ የሚያሰማው ድምፅ በ2.5 ዴሲቤል ያህል ያነሰ ነው። ይህንን በኀይል ለማካካስ 1.8 እጥፍ ያህል ዋት ያስፈልጋል። 100 ዋት ይበቃሃል የተባለ ሰው እዚህ 180 ሊፈልግ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ «እንግዲያው ትልቅ ማጉያ እንግዛ» ብሎ መደምደም አደጋ አለበት። በዝግ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር ለኮኑ እንደ ስፕሪንግ ያገለግላል፤ የስፕሪንጉም ጥንካሬ የሚመጣው ከአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ በሩብ ሲቀንስ ስፕሪንጉ ይላላል፣ የሣጥኑም ተፈጥሯዊ ንዝረት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከዚያ ንዝረት በታች ባሉት ድምፆች ኮኑ በዚያው ቮልት ከበፊቱ ይልቅ ሩቅ ይራመዳል። ድምፁን ባለበት ደረጃ ለማቆየት ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቍጥር ኮኑ አራት እጥፍ መራመድ እንዳለበት ስናስታውስ፣ በ25 ሄርዝ አካባቢ መጀመሪያ የሚያልቀው የማጉያው ዋት ሳይሆን የኮኑ መንገድ መሆኑ ግልጥ ይሆናል። ከዚያ በላይ የተጨመረ ዋት ጥቅል ሽቦውን ከብረት ጋር ያጋጨዋል እንጂ ድምፅ አይሆንም። የአየር መውጫ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ደግሞ ቀዳዳው የተቃኘበት ድግግሞሽ በድምፅ ፍጥነት ላይ ስለሚመሠረት፣ የድምፅ ፍጥነትም በሙቀት እንጂ በግፊት ስለማይለወጥ፣ እዚህም ቃናው ያው ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ቃና በታች ኮኑን የሚይዘው ስለማይኖር እሱም ይሰበራል። ስለዚህ ለእኛ ከክላሱ ፊደል ይልቅ የሚጠቅመው ማጉያው ከ20 ወይም ከ25 ሄርዝ በታች ያለውን የሚቈርጥ ማጣሪያና የቮልት ገደብ ያለው መሆኑ ነው። እንዲሁም ቀጭን አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማይወስድ፣ ኤቢ የገዛ ሰው ሙቀት የሚበትኑት የአሉሚኒየም ክንፎች ሰፋ ያሉ መሆናቸውን ይመልከት፤ ቁም ሣጥን ውስጥም አይዝጋበት።

የመብራታችንንም ነገር ማንሣት ይገባል። ተራ ትራንስፎርመር ያለው ማጉያ 220 ቮልቱ ወደ 190 ሲወርድ የኀይሉን ሩብ ያጣል፤ ይህ ግን ከ1.3 ዴሲቤል የማይበልጥ ስለ ሆነ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው ዕቃ ነው። በ120 ቮልትና በ60 ሄርዝ የተሠራውን ማጉያ በመቀነሻ በኩል ከ110 ቮልት ጋር ስናገናኘው ችግሩ ያለቀ ይመስለናል። ሄርዙ ግን 50 እንደ ሆነ ስለሚቀር በትራንስፎርመሩ ብረት ውስጥ ያለው የመግነጢስ ፍሰት 10 በመቶ ይጨምራል፤ አፍንጫው ድረስ የተሠራ ትራንስፎርመር በዚህ ያጉረመርማል፣ ይግላልም። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ጽሑፍ ያለበት የስዊች ዐይነት የኀይል ምንጭ ይህ ችግር የለበትም፤ ይህም ክላስ ዲ ማጉያዎች ብዙ ጊዜ ይዘውት የሚመጡት ጥቅም ነው።

ማጉያው በሣጥኑ ውስጥ የተገጠመለት ሳብዉፈር ይሻላል ወይስ ለብቻው የተገዛ? የኬኤልኤች ኩባንያ መሥራች ከነበሩት አንዱ የሆፍማን ሕግ እንደሚለው፣ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ከፍተኛ ብቃት ሦስቱ በአንድነት አይገኙም። ስለዚህ ትንሽ ሣጥን የፈለገ ብዙ ዋት መክፈል አለበት፤ ቦብ ካርቨር በ1996 ሰንፋየር በሚባለው ትንሽ ሳብዉፈር ላይ 2,700 ዋት የተባለ ማጉያ የጨመረው ለዚሁ ነው። እንዲህ ላለው ሣጥን ማጣሪያውና ገደቡ ከስፒከሩ ጋር ተለክተው ስለሚሠሩ አብሮ የተገጠመው ይሻላል። ነገር ግን የውስጡ ማጉያ በተቃጠለ ጊዜ መለዋወጫ ካልተገኘ ሣጥኑ የቤት ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ሰፊ ሣጥን የሚችል ቤት ላለው ሰው በበኩሌ የምመርጠው ትልቅ ሣጥን፣ ከ150 እስከ 300 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ ለብቻው የሆነ ሙሉ ድልድይ ክላስ ዲ፣ እሱ ከታጣም ክንፉ የሰፋ ኤቢ ነው። በገና ለመስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ገንዘቡን ለዋናዎቹ ስፒከሮች ያውል፤ በየጅማቱ ሥር ያለው የቆዳ እንዚራ የሚፈጥረው ንዝረት በላይኞቹ ድምፆች የበለጸገ ስለ ሆነ የጥልቀቱ ስሜት ብዙው የሚመጣው ከእነሱ ነው።

ከፍታን የሚመለከተውን ክፍል በሒሳብ ብቻ ትቼዋለሁ። መለካቱ ግን ለኮሌጃችን ቤተ ሙከራ ከባድ አይደለም። አንድ ዝግ ሣጥን እዚህ ከተለካ በኋላ በግምት 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ተወስዶ፣ ሙቀቱ ተቀራራቢ በሚሆንበት ሰዓት እንደ ገና ቢለካ፣ የአየሩ ስፕሪንግ ከኮኑ ማንጠልጠያ የሚበረታበት ዐይነት ከሆነ፣ ንዝረቱ እስከ 7 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የምልክት ማመንጫ፣ አንድ ሬዚስተርና አንድ ቮልት መለኪያ ነው፤ ጥቅል ሽቦው ላይ ቮልቱ ከሁሉ ከፍ የሚልበት ድግግሞሽ የሣጥኑ ንዝረት ነው።